የባንዱ ስም የማን ነው? የዶሮ ፔሽ እና የ«ዋርሎክ» ነገር

በ1989 ጀርመን ውስጥ «ፎርስ ማዡር» የተባለ የሄቪ ሜታል አልበም ወጣ። የምትዘፍነው ዶሮ ፔሽ ናት። ከዚያ በፊት አራት አልበም ሠርታለች፤ አራቱም «ዋርሎክ» በተባለ ባንድ ስም የወጡ ናቸው። አምስተኛውም የዋርሎክ እንዲሆን ነበር የታሰበው። አልሆነም። የቀድሞ ማናጀሯ በባንዱ ስም እና በሚሸጡት ዕቃዎች ላይ መብቱ የእኔ ነው ብሎ ከሰሳት። ክርክሩ ስሙን አሳጣት። አልበሙም በራሷ ስም ተሸጠ። ዋርሎክ የሚለው ስም ወደ እጇ የተመለሰው በ2011 ነው።

ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት አይዋጥም። ግጥም የጻፈችው እሷ፣ የዘፈነችው እሷ፣ ፖስተሩ ላይ ያለችው እሷ። ታዲያ ስሙ እንዴት የሌላ ሰው ይሆናል? መልሱ የሕግ ነገር አለበት፤ ግን ብዙም የሚያስፈራ አይደለም። የሴትዮዋን ታሪክ ከያዝን ሕጉ ራሱ ይከተላል።

ሁለት ነገር ቀድሜ ልበል። እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሌላው ደግሞ ስሟ ነው። ፈገግ ማለታችሁን አውቃለሁ። ዶሮ የዶሮቴ ማሳጠሪያ ነው፤ ከድስት ጋር አይገናኝም። «ዶሮ መድረክ ላይ ወጣች» እያልኩ ሁላችንም ከምንቸገር ፔሽ እያልኩ ልቀጥል።

የተወለደችው ሰኔ 3 ቀን 1964 ዱሰልዶርፍ ነው። ዱሰልዶርፍ በራይን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። አጠገቧ የጀርመን የድንጋይ ከሰልና የብረት ሥራ አካባቢ አለ፤ ሩር ይባላል። ከሩር እና ከዙሪያው በ1980ዎቹ በርካታ የሜታል ባንዶች ወጥተዋል። ክሪኤተር ከኤሰን ነው፣ ሶዶም ከጌልዘንኪርሸን። «አክሰፕት» የተባለው ደግሞ በቢላ ፋብሪካዎቿ ከምትታወቀው ዞሊንገን ከተማ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በልጅነቷ የምትሰማው ቲ ሬክስን፣ ስሌድን፣ ስዊትን ነው። እነዚህ በዚያ ዘመን በሚያብረቀርቅ ልብስና በረጅም ጫማ የሚታወቁ የእንግሊዝ ሮከሮች ናቸው።

በአሥራዎቹ ዕድሜዋ በሳንባ ነቀርሳ ታመመች። በሽታው ሊገድላት ደርሶ ነበር። ከተረፍኩ ሙዚቃ እሠራለሁ ያልኩት ያኔ ነው ብላ በቃለ መጠይቆች ተናግራለች። ዘፋኞች ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩትን እኔ በጥርጣሬ ነው የምሰማው። የእሷን ግን አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ ጊዜ የሚሯሯጥባትን ሰው ሥራ ይመስላል። በ16 ዓመቷ፣ በ1980፣ «ስኔክባይት» ከሚባል የሠፈር ባንድ ጋር መዝፈን ጀመረች። ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ባንድ ሄደች። ቀን ቀን የግራፊክስ ሥራ ትሠራለች። ማታ ማታ ልምምድ።

በ1982 ዋርሎክ ተመሠረተ። አራት ወንዶችና እሷ። ፔተር ዚጌቲ እና ሩዲ ግራፍ ጊታር፣ ቶማስ ሽቱዲር ቤዝ፣ ሚሻኤል ኦይሪሽ ድራም ይመታሉ። የእንግሊዝኛው ቃል ወንድ ጠንቋይ ማለት ነው። በዘመኑ ሜታል ባንድ ስም ሲያወጣ ወይ ጠንቋይ ወይ ብረት ወይ ሲኦል ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልተጨነቁም።

የሄቪ ሜታልን ጠረን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ። ሙዚቃው የተወለደው በ1970 አካባቢ እንግሊዝ ውስጥ፣ በርሚንግሃም ነው። ጊታሩ በማጉያ ሆን ተብሎ እንዲሻክር ይደረጋል። ድራሙ ከባድ ነው። ድምፃዊው ከዚህ ሁሉ ጩኸት በላይ መሰማት አለበት። ከጀርመን ዓለም ያወቃቸው የሃኖቨሮቹ ስኮርፒየንስ ናቸው፤ «ዊንድ ኦፍ ቼንጅ»ን ሬድዮ ላይ ያልሰማ ጥቂት ነው። ጀርመኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘፍኑት በእንግሊዝኛ ነው። ፔሽም እንደዚያው። በሙዚቃው ዓለም ሴቶች አልነበሩም ማለት አይቻልም። እንግሊዝ ውስጥ ገርልስኩል የሚባል ሙሉ በሙሉ የሴቶች ባንድ ነበር። ወንዶች በሞሉት ባንድ ፊት ቆማ የምትመራ ሴት ግን ጥቂት ነች።

የመጀመሪያው አልበም በ1984 ሞዞሊየም በተባለ የቤልጅየም ኩባንያ ወጣ። ትንሽ ኩባንያ ነው። በቀጣዩ ዓመት ቨርቲጎ ወሰዳቸው። ቨርቲጎ ያኔ ፖሊግራም የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ቤተሰብ ነበር፤ ትልቅ ነበር፤ ገንዘብ ነበረው። በዚያው ዓመት «ሄልባውንድ»፣ በ1986 «ትሩ አዝ ስቲል» ወጡ። ነሐሴ 16 ቀን 1986 እንግሊዝ ዶኒንግተን ላይ በተካሄደው የ«ሞንስተርስ ኦፍ ሮክ» ፌስቲቫል ዋርሎክ መድረክ ከፋች ሆነ። በዚያ ቀን ኦዚ ኦስበርን፣ ስኮርፒየንስ፣ ዴፍ ሌፐርድ እና ሞተርሄድ ነበሩ። በዚያ ፌስቲቫል ባንድ እየመራች የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሴት ፔሽ ናት። 22 ዓመቷ ነበር። የቀን ሥራዋንም በዚያ ሰሞን ተወች። ከዚያ ጁዳስ ፕሪስት፣ በኋላም ዲዮ የተባሉ ትልልቅ ባንዶች በአውሮፓ ሲዞሩ ኮንሰርታቸውን እየከፈቱ አብረው ዞሩ።

ለስሙ ጉዳይ ዋናው ነገር የተጀመረው ግን ከመድረኩ ጀርባ ነው። ሰው መቀያየር ጀመረ። ሽቱዲር ቀድሞ ሄዷል፤ በምትኩ ፍራንክ ሪተል መጣ። ከ«ሄልባውንድ» በኋላ ሩዲ ግራፍ ወጣ፤ ኒኮ አርቫኒቲስ ገባ። ከ«ትሩ አዝ ስቲል» በኋላ ዚጌቲ እና ሪተል ወጡ። በእነሱ ምትክ ቶሚ ቦላን እና ቶሚ ሄንሪክሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ገቡ። ፔሽ ኒውዮርክ ገብታ ነበር። አራተኛው አልበም «ትራያምፍ ኤንድ አጎኒ» የተቀዳው እዚያ ነው። ከእሷ ጋር ዘፈኖቹን የጻፈው ጆይ ባሊን የኒውዮርክ ሰው ነው። በከፊሉ ድራም የመታው ታዋቂው እንግሊዛዊ ኮዚ ፓወል ነው።

አልበሙ በ1987 ወጣና ትልቁ ሆነ። «ኦል ዊ አር» የሚለው ዘፈን የትም ኮንሰርት ላይ ሰው በአንድ ድምፅ የሚጮኸው መዝሙር ሆነ። «ፉር ኢመር»፣ ማለትም «ለዘላለም» የሚለው ዝግ ያለ ዘፈን ደግሞ በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው። እስካሁን ያለ እሱ ከመድረክ አትወርድም። አልበሙ ጀርመን ውስጥ የወርቅ ሽልማት አገኘ። አሜሪካ ሄደው ሜጋዴዝ ከተባለው የሜታል ባንድ ጋር ዞሩ። ከጉዞው በኋላ ኦይሪሽ እና አርቫኒቲስም ሄዱ። በ1988 መጨረሻ ዋርሎክ ውስጥ ከመሥራቾቹ የቀረችው ፔሽ ብቻ ናት። ከጀርመኖቹም እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዋርሎክ ማነው?

አድናቂ ቢጠየቅ አያመነታም፦ ፔሽ ናት። ሕጉ ግን እንደዚያ አያስብም። በጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ለአንድ የጋራ ዓላማ አብረው ከሠሩ፣ ወረቀት ባይፈራረሙም፣ የሽርክና ማኅበር አቋቁመዋል። ባንድም እንዲሁ ነው። አምስት ጓደኛሞች ምግብ ቤት ከፈቱ እንበል። ስሙ ታወቀ። አንዱ ወጣ፣ ሌላ ገባ። ሌላውም ወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወጥ ቤቷ ብቻ ቀረች። ደንበኛው የሚመጣው የእሷን ምግብ ብሎ ነው። በር ላይ ያለው ስም ግን የአምስቱ ሽርክና ያፈራው ሀብት እንጂ የወጥ ቤቷ የግል ንብረት አይደለም። ስሙን አስቀድሞ በራሱ ያስመዘገበ ወይም በውል የወሰደ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ይሄ የጀርመኖች ብቻ አመል አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሳክሰን የሚባል የሜታል ባንድ አለ። ከመሥራቾቹ ሁለቱ፣ ጊታሪስቱ ግራሃም ኦሊቨር እና ቤዝ ተጫዋቹ ስቲቭ ዶውሰን፣ በተለያየ ጊዜ ከባንዱ ወጡ። ከዓመታት በኋላ ሳክሰን የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት አስመዘገቡ። ድምፃዊው ቢፍ ባይፎርድ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ቀን ሳያቋርጥ በሳክሰን ስም ሲዘፍን የኖረ ነው። ጉዳዩ በ2003 ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ያሉት በአጭሩ ይሄ ነው፦ የመጀመሪያው ባንድ ስም የማንኛውም አባል የግል ሀብት አልነበረም፤ የሽርክናው ነበር። ስለዚህ የወጡት ሁለቱ በግላቸው ሊያስመዘግቡት አይችሉም። ባይፎርድ አሸነፈ። ያሸነፈው ግን «ድምፃዊው እኔ ነኝ» በማለት አይደለም። እሱ ያለበት የኋለኛው ባንድ ለረጅም ዓመታት በስሙ ሠርቶ የራሱን ዝና በማካበቱ ነው። የባንድ ስም ጠብ ሲነሳ ሕግ አዋቂዎች ዛሬም ይህን ፍርድ ይጠቅሳሉ።

ልብ በሉ፤ የፔሽ ችግር ከቀድሞ ባልደረቦቿ ጋር አልነበረም። ከማናጀር ጋር ነው። ይሄ በወጣት ባንዶች ዘንድ የተለመደ ወጥመድ ነው። ልጆቹ 18፣ 19 ዓመታቸው ነው። ኮንትራት የሚያነብ የለም። መድረክ የሚያፈላልግ፣ መኪና የሚከራይ፣ ከኩባንያ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው አለ። ስም ማስመዝገብ፣ ቲሸርት ማሳተም፣ ውል መፈረም፤ ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። ሙዚቃው ሲያድግ ወረቀቱም አብሮ ያድጋል።

ለመሆኑ አንድ ስም ይህን ያህል የሚያጣላው ለምንድን ነው? ቲሸርት ነው መልሱ። አልቀለድኩም። የሜታል አድናቂ የባንዱን ስም ደረቱ ላይ ይዞ ነው የሚሄደው። ጃኬቱ ላይ ይሰፋዋል፣ አንዳንዱም ክንዱ ላይ ይነቀሰዋል። ለመካከለኛ ባንድ የኮንሰርት ምሽት ትርፍ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከበሩ ሳይሆን ቲሸርት ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ነው የሚመጣው። ቲሸርቱን የሚሸጠው ደግሞ የተጻፈበት ስም ነው። ከፔሽ ጋር የነበረው ክርክርም ስሙንና ዕቃውን አንድ ላይ የያዘው ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ግር የሚል ነገር ይመጣል። ስሙን ካጣች እንዴት «ኦል ዊ አር»ን መዝፈኗን ቀጠለች? ማንም ለምን አላስቆማትም?

ምክንያቱም ስሙና ዘፈኑ የተለያየ ንብረት ናቸው። አንድ ዘፈን ሲሰማ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መብቶች አብረው እየሄዱ ነው። ግጥምና ዜማው የደራሲዎቹ ነው። «ኦል ዊ አር»ን የጻፉት ፔሽ እና ባሊን ናቸው። በጀርመን ሕግ ደግሞ የደራሲነት መብት ጠንካራ ነው። ሙሉ ለሙሉ ሸጦ መገላገል አይቻልም፤ መሸጥ የሚቻለው የመጠቀም ፈቃዱን ነው። ደራሲው ከሞተም በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። መድረክ ላይ መዝፈን ሲሆን ደግሞ ፈቃድ እየዞሩ መለመን የለም። ጀርመን ውስጥ ጌማ የሚባል የደራሲዎች ማኅበር አለ። የኮንሰርቱ አዘጋጅ ለጌማ ይከፍላል፣ ጌማ ለደራሲዎቹ ያከፋፍላል። ስለዚህ ፔሽ የራሷን ዘፈን ቀርቶ የሰው ዘፈንም መዝፈን ትችላለች። «ፎርስ ማዡር» ራሱ የሚከፈተው ፕሮኮል ሃረም በተባለ የእንግሊዝ ባንድ ዘፈን ነው።

ሁለተኛው መብት የተቀዳው ድምፅ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ነው፤ ወጪውን የከፈለው እሱ ስለሆነ። ሦስተኛው ስሙ ነው። ስሙ ለብቻው ይመዘገባል፣ ለብቻው ይሸጣል፣ ለብቻውም ያጣላል። በጀርመን የተመዘገበ የንግድ ምልክት 10 ዓመት ይጸናል፤ እየተከፈለ ይታደሳል። አምስት ዓመት ሙሉ ያልተሠራበት ምልክት ደግሞ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል። እንግዲህ ፔሽ ያጣችው ይህን ሦስተኛውን ነው። ድምፅዋን ማንም አልነካም። ዘፈኗንም ማንም አልነካም። ግን ፖስተር ላይ «ዋርሎክ» ብላ መጻፍ አትችልም። የሚላን ወይም የቺካጎ አድናቂ ደግሞ የሚያውቀው ዋርሎክን ነው። ዶሮ ማን ናት?

ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሌላ ጀርመናዊ ድምፃዊ አለ፤ ኡዶ ዲርክሽናይደር። የአክሰፕት ድምፅ ማለት እሱ ነበር። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ድምፁ እንደ ብረት መጋዝ የሚሻክር ሰው። በ1987 ከባንዱ ተለየ፤ ስሙም ከባንዱ ጋር ቀረ። እሱም በራሱ ስም «ዩ ዲ ኦ» የሚል ባንድ አቋቋመ። የሚገርመው፣ በመጀመሪያው አልበሙ ጊታርና ቤዝ የተጫወቱለት ከዋርሎክ የወጡት ዚጌቲ እና ሪተል ናቸው። በኋላ ከአክሰፕት ጋር ታርቆ ተመልሷል፣ እንደገናም ተለያይቷል። በ2016 ደግሞ «ዲርክሽናይደር» በሚል ስም የአክሰፕትን ዘፈኖች ብቻ እየዘፈነ ዓለምን ዞረ። ሕጉ በዚህ ላይ ምንም አላለውም፤ ዘፈን መዝፈን ስም መውሰድ አይደለምና። ኡዶ እና ፔሽ በ2002 «ዳንሲንግ ዊዝ አን ኤንጅል» የሚል ዘፈን አብረው ሠርተዋል። ሁለት ስም የተወሰደባቸው ሰዎች አንድ ማይክ ላይ። ቢገናኙ አይገርምም።

ወደ ፔሽ ልመለስ። ስለ እሷ የሚጻፈው ሁሉ የስሙን መነጠቅ ትልቁ ጉዳት አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ አይመስለኝም። ስሙ ጎድቷታል፤ አይካድም። ከዚያ የከፋው ግን ቀጥሎ የመጣው ገበያ ነው። ለአሜሪካ የነበራት ተስፋ ትልቅ ነበር። በ1990 የወጣውን «ዶሮ» የተባለ አልበም የመራላት «ኪስ» የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ሮክ ባንድ አባል ጂን ሲመንስ ነው። ከዚህ የበለጠ የአሜሪካ በር ከየት ይመጣል? ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነፋሱ ዞረ። በ1991 የኒርቫና ባንድ «ኔቨርማይንድ» አልበም ወጣ። ግራንጅ የሚሉት የሲያትሎች ሙዚቃ መጣና ረጅም ጸጉር፣ ቆዳ ሱሪ እና የብረት ቁልፍ በአንድ ጀንበር ያረጀ ነገር ሆነ። አሜሪካ ውስጥ የሜታል ባንዶች በጅምላ ከኩባንያ ተባረሩ። የእሷም ቀጣይ አልበሞች ለ10 ዓመት ያህል አሜሪካ ውስጥ ሳይታተሙ ቀሩ።

እስቲ አስቡት። አልበም መሥራቷን አላቆመችም። በ1991 «ትሩ አት ሃርት»ን ናሽቪል ሄዳ ቀዳች፤ የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ ነው። በ1993፣ በ1995፣ በ1998 ሌሎች ሠራች። በኋለኞቹ ላይ ማሽን ማሽን የሚል የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ሁሉ ሞክራለች። እኔ እነዚህን አልበሞች ብዙም አልወዳቸውም፤ የምትፈልገውን ሳይሆን ገበያው ይፈልጋል የተባለችውን የምትዘፍን ይመስላል። ግን ከ1987 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ብዙ እኩዮቿ ጊታራቸውን ሰቅለው ሌላ ሥራ ገብተዋል። እሷ አልገባችም።

የያዛት ምንድን ነው? መንገድ። አውቶቡስ። በየከተማው ያለ ትንሽ አዳራሽ። ጀርመን ውስጥ፣ ስፔን ውስጥ፣ ስዊድን ውስጥ የሜታል ሕዝብ ፋሽን ሲቀየር አብሮ አይቀየርም። ባንዱም ረጋ። ቤዝ ተጫዋቹ ኒክ ዳግላስ በ1990 ገብቶ 30 ዓመት ገደማ ቆየ። ድራመሩ ጆኒ ዲ በ1993 መጣ። ሁለቱም አሜሪካውያን ናቸው። ዋርሎክ በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንደቀያየረ ላየ ይሄ ሌላ ዓለም ነው። አግብታ አታውቅም፣ ልጅም የላትም። ያገባሁት ሙዚቃን ነው የሚለውን ነገር ደጋግማ ትናገራለች፤ አድናቂዎቿንም ቤተሰቤ ናቸው ትላለች። ይሄን ሌላ ዘፋኝ ቢለው ለማስታወቂያ ነው እል ነበር። እሷ ግን ኮንሰርት ካለቀ በኋላ እየቆየች የሰዉን ሁሉ ቲሸርት በመፈረም የታወቀች ናት።

ከዚያ ደግሞ ቫከን አለ። ቫከን በሰሜን ጀርመን ያለ መንደር ነው፤ ነዋሪው 2 ሺህ ያህል ነው። ከ1990 ጀምሮ በየክረምቱ የሜታል ፌስቲቫል ይደረግበታል። ሲጀመር በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነበር የመጣው። ዛሬ እስከ 85 ሺህ ሰው ይመጣል፤ ላሞቹ የሚግጡበት ሜዳ ላይ ድንኳን ይተክላል፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል። ፔሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችበት በ1993 ነው፤ ፌስቲቫሉ ገና ትንሽ ሳለ። በ2009 ለ20ኛው ፌስቲቫል መዝሙር የዘፈነችው እሷ ናት። በ2023 የ40 ዓመት የሙያ በዓሏን ያከበረችውም እዚያው ነው። አሜሪካ በሩን በዘጋ ጊዜ የጀርመን ገጠር ከፈተላት።

በ2000 «ኮሊንግ ዘ ዋይልድ» ወጣ። ይሄኛው አሜሪካም ታተመ። አልበሙ ላይ የሞተርሄዱ ሌሚ ከእሷ ጋር ዘፍኗል። ከዶኒንግተን ዘመን ጀምሮ የሚተዋወቁ ወዳጆች ናቸው። ሌሚ በታኅሣሥ 2015 ሲሞት በጣም አዘነች፤ በ2018 አልበሟ ላይ ለእሱ የሚሆን ዘፈን አስገብታለች። በዚያው በ2000 ግን አባቷን አጣች። ለፔሽ ሁለቱም ነገር በአንድ ዓመት ነው የመጣው። ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዱሰልዶርፍ ውስጥ የ25 ዓመት በዓሏን ስታከብር በሺዎች የሚቆጠር ሰው አዳራሹን ሞላው። ከእንግዶቹ መካከል የስኮርፒየንሶቹ ክላውስ ማይነ እና ሩዶልፍ ሼንከር ነበሩ። ያን ቀን ትኬቱ ላይ የነበረው ስም «ዶሮ» ነው። ማንም ማን ናት ብሎ አልጠየቀም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ዋርሎክ የሚለው ስም በሕግ የእሷ ሆነ። ብዙ ሰው ያኔ ወደ ድሮው ስም ትመለሳለች ብሎ ጠብቆ ይሆናል። አልተመለሰችም። ዋናው ባንድ እስካሁን «ዶሮ» ነው። በ2023 የወጣው «ኮንከረስ» የተባለው አልበሟም በዚሁ ስም ነው፤ የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድ ሁለት ዘፈን ላይ አብሯት አለ። ይገባኛል። ስም የሚከብደው ሰው ሲሠራበት ነው። በዋርሎክ ስም የሠራችው ሰባት ዓመት ነው፤ በዶሮ ስም ከ30 ዓመት በላይ። በንግድ ዓይን ካየነው ያስመለሰችው ስም ከምትጠቀምበት ስም ያነሰ ነው።

ዋርሎክን የምታወጣው ለልዩ ቀን ነው። «ትራያምፍ ኤንድ አጎኒ» ከወጣ 30 ዓመት ሲሞላ ሙሉ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረክ ላይ መጫወት ጀመረች፤ ጊታሪስቱን ቶሚ ቦላንን ጠርታ። በስዊድን ሮክ ፌስቲቫል ላይ የተጫወቱት ተቀድቶ በ2021 አልበም ሆኖ ወጣ። ያወጣው ኩባንያ ሬር ዳይመንድስ ይባላል፤ የራሷ ነው። ከላይ ያሉትን ሦስት መብቶች ካስታወሳችሁ ይሄ አልበም ምን እንደሆነ ይገባችኋል። የ1987ቱ የስቱዲዮ ቅጂ የትልቁ ኩባንያ ነው፤ ስሙ ቢመለስላትም እሱ አብሮ አይመለስም። አዲሱ ቅጂ ላይ ግን ስሙም የእሷ ነው፣ ዘፈኖቹም እሷ የጻፈቻቸው ናቸው፣ ድምፁን የያዘው ቅጂም ከራሷ ኩባንያ ነው የወጣው።